ያልተገለጠው ገጽ

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን ብሂል በትምህርት ቤት ሳለን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ደጋግመን ጽፈነዋል። በዚያን ጊዜ ብሂሉ የጽሕፈትን ክብር ብቻ የሚናገር ይመስለን ነበር። ዕድሜያችን ሠላሳን ካለፈና ከቃለ ጉባዔ ጋር መዋል ልማዳችን ከሆነ በኋላ ግን ሌላም ነገር አስተዋልንበት። ይኸውም የሚወረሰው እውነተኛው ጽሑፍ ብቻ አለመሆኑን ነው፤ ተሳስቶ የተጻፈውም እንደ እውነተኛው ይወረሳል። ዛሬ ለአንባቢ የምናቀርበው ይህን ነገር በራሳችን ጥፋት የተማርንበትን ታሪክ ነው።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሰን ሥራ የያዝነው በወሎ ምድር፣ በአንዲት ትልቅ ከተማ ጥግ በተጠጋች ታናሽ ከተማ ነው። ስሟን መጥራት አያስፈልግም፤ እርሷን የመሰሉ ብዙ እኅቶች አሏት። ከነዋሪዎቿ እኩሌታው ጠዋት ወደ ትልቋ ከተማ ለሥራ ሄዶ ማታ ይመለሳል። የቀረው በንግድ፣ በግንብ ሥራ፣ በጋሪና በጓሮ እርሻ ይኖራል። አዛኑና ደወሉ ተከታትለው የሚሰሙባት፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ዕድር የሚቀባበሩባት ስፍራ ናት። የእኛ ሥራ በከተማዋ ምክር ቤት ጽሕፈት ቤት ቃለ ጉባዔ መያዝ ነበር።

«ምክር ቤት» የሚለው ስም ሲጠራ ብዙ ሰው የሚያስበው ከፍ ያለ ንግግርንና የጋለ ክርክርን ነው። የታናሽ ከተማ ምክር ቤት ግን ጊዜውን የሚያሳልፈው በሌላ ነገር ነው። የባጃጅ መቆሚያው ከገበያው በር ይራቅ ወይስ ይቅረብ፤ የጎርፍ መውረጃው ቦይ ክረምት ሳይገባ በማን ይጠረግ፤ የቄራው ቆሻሻ ወደ ወንዙ እንዳይወርድ ምን ይደረግ፤ ጋሪ በአስፋልቱ ላይ እስከ ስንት ሰዓት ይለፍ፤ ኮብልስቶን ለሚነጠፍለት መንደር ነዋሪው ከወጪው ምን ያህል ያዋጣ፤ የመቃብሩ አጥር መቼ ይታደስ፤ ባለቤት የሌላቸው ውሾች ነገር እንዴት ይሁን፤ ይህን የመሰለ ነው። እኛም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይህን ስንጽፍ እየሰለቸን ትልቅ ነገር የሚጻፍበትን ቀን እንጠባበቅ ነበር። የሚያሳፍር ቢሆንም እውነቱን እንናገራለን፤ ስለ ቦይ የሚደረገውን ክርክር እጃችን ሲጽፍ ልባችን ሌላ ቦታ ነበር።

የሆነ ሆኖ ይህ ታናሽ የሚመስለው ሥራ ረጅም ታሪክ አለው። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች ዐዋጅ አዲስ አበባንና ጎንደርን በከንቲባ የሚመሩ ማዘጋጃ ቤቶች ሲያደርግ፣ ለሌሎቹም ከተሞች አስተዳደር ሥርዓት አበጀ። በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. የታወጀው ዐዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ የከተማ ነዋሪዎችን ማኅበር፣ ማለት ቀበሌን፣ ይዞ መጣ። ስለዚህም ዛሬ እንኳ አንዳንድ ሽማግሌ ወደ የትኛውም መሥሪያ ቤት ሄዶ ሲመለስ «ቀበሌ ደርሼ መጣሁ» ይላል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፣ በአንቀጽ 50 ደግሞ ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። ዘመንና ሥርዓት ተለዋውጧል፤ ነገር ግን በሁሉም ዘመን አንድ ሰው ከጠረጴዛው ጥግ ተቀምጦ የተባለውን ይጽፍ ነበር። የዚያ ሰው ስም በታሪክ አይገኝም፤ የእጁ ሥራ ግን በየመዝገቡ አለ።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ምክር ቤቱ መደበኛ ጉባዔውን የሚያደርገው በሦስት ወር አንድ ጊዜ ነው። ከአባላቱ ከእኩሌታው በላይ ሲገኙ ምልዓተ ጉባዔው ተሟልቷል ይባልና አፈ ጉባዔው ያለፈውን ቃለ ጉባዔ ያስነብባሉ፤ እጅ ይወጣል፤ ይጸድቃል። ከዚያ የከንቲባው ሪፖርት ይሰማል፤ አጀንዳውም በተራ ቁጥሩ ይሄዳል። የተወሰነው ሁሉ በቃለ ጉባዔ ከሰፈረ በኋላ እየተቀነጨበ በሸኚ ደብዳቤ ለሚመለከተው ክፍል ይላካል። ፈጻሚው ክፍል በስብሰባው ላይ የተባለውን አልሰማም፤ እርሱ የሚያውቀው ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ብቻ ነው። እንግዲህ ብዙ ሰው ቀኑን ሙሉ የመከረበት ነገር በአንድ ጸሐፊ ብዕር ጫፍ በኩል አልፎ ነው ወደ ሕዝቡ የሚደርሰው። ይህን ግን በዚያን ጊዜ አላሰብነውም።

በ2007 ዓ.ም. ክረምት ዝናቡ በአገራችን በብዙ ስፍራ እንደሚገባው ሳይዘንብ ቀረ። ወሎም ከተጎዱት አገሮች አንዷ ነበረች። የከተማችን ጉድጓድ ውሃ እየሸሸ ስለ ሄደ፣ ቀኑን ሙሉ ይስብ የነበረው ፓምፕ በሰዓት ተለክቶ የሚሠራ ሆነ። በመካከለኛው ሰፈር ያለው ሰው በፈረቃም ቢሆን ቧንቧ በቤቱ ነበረው። በዳርቻው ያለው ግን የሚጠጣው ከቦኖ እየቀዳ ነበር። ስለዚህ በኅዳር ወር 2008 ዓ.ም. በተደረገው ጉባዔ፣ ቦኖዎቹ በቀን ለስንት ሰዓት ይከፈቱ የሚለው ጉዳይ ሰባተኛ አጀንዳ ሆኖ ቀረበ።

የውሃ አገልግሎቱ ኀላፊ ጠዋት ብቻ ቢከፈት ለጥበቃም ለሒሳብም ይመቸናል ሲሉ አሳብ አቀረቡ። ብዙዎቹ አባላት ምሳ ሳይበሉ ስለ ቈዩ በዚሁ ተስማምተው ለመነሣት ተዘጋጅተው ነበር። በዚህ ጊዜ አንዲት መምህርት አባል ተነሥተው፣ «ውሃ የሚቀዱት ልጆች ናቸው፤ ልጆቹም ጠዋት ትምህርት ቤት ናቸው። ጠዋት ብቻ ከተባለ ወይ ውሃው ይቀራል፣ ወይ ትምህርቱ ይቀራል» አሉ። ነገሩ እውነት ስለ ነበረ ማንም አልተቃወመም። ቦኖዎቹ ጠዋት ከ12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ ማታም ከ10 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት እንዲከፈቱ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

እኛ በስብሰባው ላይ በእርሳስ የምንጽፍበት አንድ ረቂቅ ደብተር ነበረን። «ጠዋት ከ12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት» የሚለው በገጹ ግርጌ፣ በመጨረሻዋ መስመር ላይ አረፈ። ቦታው ስላለቀ ገልብጠን «ማታም ከ10 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት» የሚለውን በጀርባው ጻፍን። ከዚያ በታች ስብሰባው መዘጋቱን አመልክተን ደብተሩን አጠፍን። ከሦስት ቀን በኋላ ረቂቁን በኮምፒዩተር ስንገለብጥ ከዚያች የመጨረሻ መስመር ደረስን። ዐረፍተ ነገሩ ሙሉ ይመስል ነበር፤ የመዝጊያውም ቃል ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስለ ሆነ ከቃላችን ጻፍነው። ገጹን አልገለጥንም። ጥፋታችን ይህች ናት፤ ሌላ ምክንያት የላትም። አልታመምንም፣ አልተቸኰልንም፣ ማንም አላዘዘንም። እንዲያው የቦኖ ነገር ስለ ሆነ ልባችን አልነበረበትም።

ቃለ ጉባዔው ታተመ፤ ተፈረመ፤ ደብዳቤውም ለውሃ አገልግሎቱ ተላከ። በየካቲት ወር በተደረገው ጉባዔ ራሳችን ቆመን እንደ ልማዳችን በጥድፊያ አነበብነው። አባላቱ ከጎናቸው ካለው ሰው ጋር ሰላምታ እየተለዋወጡ ሰሙትና እጃቸውን አወጡ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ስሕተቱ በዚያን ቀን ሁለተኛ ጊዜ ተወለደ ለማለት ይቻላል፤ በመጀመሪያ የእኛ ብቻ ነበር፣ ከዚያ በኋላ ግን የምክር ቤቱ ሆነ።

ወሩ ግንቦት ሲሆን ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ የተጠጋ አንዲት እናት ማመልከቻ ይዘው ወደ ቢሮአችን ገቡ። ማመልከቻው በራፖር ጸሐፊ እጅ የተጻፈ ነበርና «ለተከበረው ምክር ቤት» ብሎ ጀምሮ ብዙ ከለፈለፈ በኋላ፣ የዳርቻው ሰፈር ቦኖ ማታ ማታ ለአንድ ሰዓት እንኳ ቢከፈትልን ሲል ይለምናል። እኛም በኩራት፣ «እናቴ፣ ስለዚህ ነገር ማመልከቻ አያስፈልግዎትም። ምክር ቤቱ ማታም እንዲከፈት ወስኗል። ምናልባት ጠባቂው ሰንፎ ይሆናል፤ አሁን ወረቀቱን አውጥተን እናሳይዎታለን» አልናቸው።

ክላሰሩን አውርደን የኅዳሩን ቃለ ጉባዔ ገለጥን። በአራተኛው ገጽ ላይ ያለው ጠዋት ብቻ ነው። ደጋግመን አየነው። ረቂቁን ደብተር ከመሳቢያ አውጥተን ግርጌውን ተመለከትን፤ ከዚያም ገጹን ገለበጥን። የገዛ እጃችን ጽሕፈት በእርሳስ ተጽፎ ይጠብቀን ነበር።

ሴትዮዋ መጻፍና ማንበብ አያውቁም፤ ፊታችንን ግን አነበቡት። «ምነው ልጄ፣ ምን አገኘህ?» አሉን። መደበቅ አልቻልንምና እንደ ሆነው ነገርናቸው። አልተቈጡም። ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና፣ «እኛ እኮ ውሃውን የከለከለን ሰማዩ ነው ስንል ከረምን። ለካስ ወረቀቱ ኖሯል» አሉ። ይህን ተናግረው ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። ቢሰድቡን ኖሮ በተሻለን ነበር።

በኋላ እንደ ተረዳነው ሴትዮዋ እንጀራ ጋግረው ለምግብ ቤቶች በመሸጥ የሚኖሩ ናቸው። እንጀራው ጠዋት በማለዳ መድረስ አለበት፤ ቦኖውም የሚከፈተው በዚያው ሰዓት ነው። ስለዚህ እርሳቸው መሶባቸውን ተሸክመው ሲሄዱ፣ በጠዋት ፈረቃ ሰባተኛ ክፍል የምትማረው ልጃቸው ሁለት ጀሪካን ይዛ ሰልፍ ትቆማለች። ተራዋ ደርሶ፣ ቀድታ፣ ቤት አድርሳ ወደ ትምህርት ቤት ስትሮጥ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ አልቆ ይቆያታል። አንዳንድ ቀን ትደርሳለች፤ ብዙ ቀን ትቀራለች። ከኅዳር እስከ ግንቦት እንዲህ ሆነ።

በዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ የመዝገብ ቤቱ ባልደረባችን፣ ሁላችን ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ፣ አቀርቅረን ቢያዩን ነገሩን ጠየቁን። ነገርናቸው። በሩን ዘግተው ቀረብ ብለው እንዲህ አሉን፦ «አየህ ልጄ፣ ፊርማው ያለው በመጨረሻው ገጽ ላይ ነው። አራተኛውን ገጽ አስተካክለህ አትምና በቦታው አግባው። ለውሃ አገልግሎቱም አዲስ ደብዳቤ ጻፍ። ውሃው ይከፈታል፤ አንተም እንጀራህን ታተርፋለህ። ለደግ ነገር ነው እኮ፤ ማን ይጎዳል?»

ጋሼ ክፉ ሰው አልነበሩም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ወረቀት ሲጠብቁ የኖሩና ለእኛም እንደ አባት የሚያስቡ ነበሩ። ምክራቸውም ምክንያት የሌለው አልነበረም፤ የምንጽፈው ነገር እኮ ሐሰት አይደለም፣ በእውነት የተወሰነው ነው። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ኮምፒዩተሩን ከፍተን ገጹን አስተካከልነው። አተምነውም። አሮጌውንና አዲሱን ገጽ ጎን ለጎን አድርገን ስናያቸው ልዩነታቸው ግማሽ መስመር ብቻ ነበር።

ነገር ግን አዲሱን ገጽ ወደ ክላሰሩ ለማግባት ቀለበቱን ስንከፍት ሌሎቹ ገጾች ዓይናችን ውስጥ ገቡ። በአንደኛው ላይ ለአንድ ማኅበር የተሰጠ ቦታ በካሬ ሜትር ተጽፏል። በሌላው ላይ የአንድ ቤት ይዞታ ከመንገድ ስንት ሜትር እንዲርቅ ተወስኗል። በሌላው የበጀት ዝውውር አለ። ይህ ሁሉ በዚያው ቀለበት ተይዞ፣ ፊርማው በመጨረሻው ገጽ ብቻ ሆኖ ተቀምጧል። «ማን ይጎዳል?» የሚለው ጥያቄ መልስ ያገኘው በዚያን ጊዜ ነው። ለደግ ነገር ገጽ መለወጥን እጃችን ከለመደ፣ ነገ ለዘመድ ሲባል፣ ከነገ ወዲያም ለገንዘብ ሲባል መለወጥ ይቀለዋል። እኛ ባንለውጥ እንኳ ከእኛ በኋላ የሚመጣው ሰው መንገዱ የተጠረገ ሆኖ ያገኘዋል። የሕዝብ ወረቀት ዋጋው እውነት በመሆኑ ብቻ አይደለም፤ በጓዳ የማይነካ በመሆኑም ነው። አዲሱን ገጽ ቀደድነው። ጀግንነት ነበር ለማለት አይደለም፤ እጃችን ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ሌሊቱንም እንቅልፍ አልወሰደንም።

በማግሥቱ ሁለቱን ወረቀቶች፣ ማለት ቃለ ጉባዔውንና ረቂቁን፣ ይዘን ወደ አፈ ጉባዔው ሄድን። እርሳቸው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሁለቱን አስተያዩና፣ «ስንት ወር ሆነ?» አሉን። «ስድስት» አልን። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። «እኔም ፈርሜበታለሁ፤ ከዚያም በየካቲት አጽድቄዋለሁ» ካሉ በኋላ ወዲያው ስልክ አነሡ። በጊዜያዊ ደብዳቤ ቦኖዎቹ በዚያው ቀን በ10 ሰዓት ተከፈቱ። ነገሩም በግንቦቱ መደበኛ ጉባዔ አንደኛ አጀንዳ ሆኖ እንዲቀርብ አዘዙ።

የጉባዔው ቀን ቆመን ረቂቁን አነበብን፤ የገጹን ፊትም ጀርባም። ከአባላቱ አንዱ ይህ ጸሐፊ ከሥራ መሰናበት አለበት አሉ። ሌላው የሕትመት ስሕተት ነው ተብሎ ይታለፍ አሉ። ሁለቱም አሳብ ደጋፊ አላጣም። ከዚያ ያቺ መምህርት ተነሡ። «የጠፋው እኔ የተናገርሁት ቃል ነው» አሉ። «ነገር ግን በየካቲት ሲነበብ እኔም እጄን አውጥቻለሁ። ቤቴ ቧንቧ ስላለ ቦኖው ማታ መከፈቱን አንድ ቀን እንኳ ሄጄ አላየሁም። ጸሐፊው ገጹን አልገለጠም፤ እኛ ደግሞ ደጃችንን አልከፈትንም።» አዳራሹ ጸጥ አለ።

ውሳኔው እንዲህ ሆነ። ለእኛ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠን፤ ተገቢም ነበር። የተሳሳተው ገጽ ባለበት እንዲቀመጥና እርማቱ በራሱ ቀን ተጽፎ ከጎኑ እንዲያያዝ ተደረገ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እያንዳንዱ ገጽ ይፈረምበታል። ጉባዔው ከመበተኑ በፊት ውሳኔዎቹ አንድ በአንድ ቀስ ተብለው ይነበባሉ። ለሕዝቡ የሚመለከቱትም በማስታወቂያ ሰሌዳና ነገሩ በሚፈጸምበት ስፍራ ይለጠፋሉ። የቦኖው ሰዓት በራሱ በቦኖው ግንብ ላይ በቀለም ተጻፈ። ይህ ሁሉ አዲስ ሕግ አልነበረም፤ ቀድሞ ልናደርገው ይገባን የነበረ ነው።

ታሪኩ በዚህ ቢያልቅ ደስ ባለን ነበር። በሰኔ ወር የትምህርት ውጤት ሲወጣ የዚያች እናት ልጅ ሰባተኛ ክፍልን እንድትደግም ተወሰነ። ነገሩን ሰምተን ከእናቷ ጋር ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድንና ለርእሰ መምህሩ የሆነውን ሁሉ አስረዳን። ሰውየው በትሕትና ሰሙን፤ አዘኑም። ከዚያ የስም መጥሪያውን መዝገብ ከፍተው አሳዩን። የቀረችባቸው ቀኖች በቀይ ምልክት ተሰልፈዋል። «ምክንያቷን ተረዳሁ። ነገር ግን ቀርታለች፤ ትምህርቱንም አላገኘችውም። ይህን መዝገብ ምን ብዬ ልለውጠው?» አሉን። መልስ አልነበረንም። የእርሳቸው መዝገብ ትክክል ነበር።

በዚያ ዓመት ሐምሌ ዝናቡ መጣ። ቦዮቹ ሞሉ፤ ጉድጓዱም ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ በወሎ ምድር ከውሃ ጥም የከፋም አልፏል። እኛ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ያቺን እናት በገበያ ስናገኝ እንደ ወትሮው ጎንበስ ብለን ሰላም ስንላቸው፣ እርሳቸውም «ደኅና ነህ ልጄ» ሲሉን፣ ከሰላምታው በታች የምናውቀው አንድ ነገር አለ። ውሃው በደብዳቤ ተመለሰ፤ የልጅቷ አንድ ዓመት ግን በምንም ደብዳቤ አልተመለሰም።

ይህን የጻፍነው በየመሥሪያ ቤቱ ጥግ ተቀምጠው የሚጽፉትን ወጣቶች አስበን ነው። ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ ትልቅ ነገር የሚጻፍበትን ቀን አትጠብቁ። ስለ ቦይ፣ ስለ ቦኖ፣ ስለ ውሻ የሚባለው ነገር በዝቅተኛው ስፍራ ለሚኖረው ሰው የመንግሥት ሙሉ መልኩ እርሱ ነው፤ ሌላውን ላያየው ይችላል። በምክር ቤት የተቀመጣችሁትም የወሰናችሁት ነገር መፈጸሙን ከወረቀቱ ሳይሆን ከቦታው ጠይቁ።

እኛም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አንድ ልማድ አበጅተናል። በረቂቅ ደብተራችን፣ በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ፣ የሚቀጥል ነገር ቢኖርም ባይኖርም፣ በቀይ እርሳስ አንዲት ቃል እንጽፋለን፦ «ገልብጥ»። የሥራ ባልደረቦቻችን አንዳንድ ጊዜ ባዶ ጀርባ ያለውን ገጽ ስንገለብጥ አይተው ይሥቁብናል። ይሣቁ፤ እኛ ግን እንገለብጣለን።